የሳምባ ውሃ መለኪያና ሰዓቱ

ሳምባ ውሃ የሚቋጥረው በዋነኛነት በሁለት ምክንያት ነው። ልብ ሲደክም ወይም የልብ በር ሲጠብ ግፊቱ ውሃውን ከደም ሥር ያስወጣዋል፤ በብርቱ የሳምባ ምች የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ ደግሞ ውሃው ከነፕሮቲኑ ይሾልካል። ለአንዱ የሚበጀው የሚያሸና መድኃኒት ሌላውን ሊጎዳው ስለሚችል መለየቱ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከመለያዎቹ አንዱ ወደ አየር ቧንቧ በገባ ቱቦ ፈሳሽ ቀድቶ ፕሮቲኑን ከደም ፕላዝማ ፕሮቲን ጋር ማመዛዘን ነው፤ ውጤቱ ከ0.65 በታች ሲሆን የግፊት፣ ከዚያ በላይ ሲሆን የጉዳት ይባላል። መለኪያው ብልኅነት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ሰዓትን አይመዝንም። ሳምባ ውሃውን መልሶ ሲመጥጥ ፕሮቲኑ ወደ ኋላ ይቀራልና፣ የግፊቱ ፈሳሽ እየወፈረ ሄዶ የጉዳት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከቁይ እስከ ደብረ ማርቆስ በመንገድ ሰዓታት ያለፉበት በሽተኛ በዚህ ቁጥር ብቻ ሊፈረድበት አይገባም።

አልትራሳውንድም የውሃውን መኖር ያሳያል እንጂ ዓይነቱን ለብቻው አይለይም። ሆኖም ያው መሣሪያ ወደ ልብ ቢዞር፣ በአገራችን ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ያጠበበውን በር ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ ልብ አስቀድሞ ይታይ፤ የፈሳሹም ቁጥር ሕመሙ ከጀመረበትና ፈሳሹ ከተቀዳበት ሰዓት ጋር ይጻፍ።