«ብድር በምድር» እና «እግዜር ይስጥልኝ»፦ የላስታ መረዳዳት በሁለት መዝገብ

ሰው ለምን ሌላውን ይረዳል? የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት የሰጡት መልስ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 በሥጋ ዝምድና፣ ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 ነገ በሚመለስ ውለታ፣ ማርቲን ኖዋክና ካርል ዚግመንድ ደግሞ በ1998 በመልካም ስም አስረዱት። በሦስተኛው መልስ መሠረት ረጂውን የሚክሰው የተረዳው ሰው ሳይሆን ደግነቱን የሰማ ሌላ ሰው ነው። ይህ ዳሰሳ መልሶቹን በላስታ ደጋ ልማዶች ይመዝናል።

የትሪቨርስ ሐሳብ ለላስታ ገበሬ እንግዳ አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ጥማዱ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳል። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ የአጨዳ ቀን በአጨዳ ቀን ይመለሳል። ያልመለሰ ለከርሞ አጋዥ አያገኝም። «ብድር በምድር» የሚባለው ለዚህ ነው። ደቦ ላላ ይላል፤ ቀን አይቆጠርበትም፣ ጠሪው ግን ጠላና እንጀራ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ እርዳታ በጣም የሚያስፈልገው ድሃ ደቦ ለመጥራት አቅም የሚያጣበት ጊዜ አለ። ልማዱን የምናወድስ ሰዎች ይህን ጎን እናልፈዋለን።

ላስታን ጨምሮ በወሎ ቅሬ የሚባለው እድር ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ሟች ውለታ አይመልስም፤ ቀባሪዎቹን የሚያስተሳስረው የእያንዳንዱ ቤት ተራ መድረሱ ነው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት ምርምር የጋራ ሀብት በማኅበረሰቡ በራሱ ደንብና ቅጣት ሊጠበቅ እንደሚችል ያሳያል፤ ቅሬ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

የገና በዓል ሲደርስ ግን ይህ የውለታ ስሌት ይፈተናል። ስንቁን ተሸክሞ ቀናት በእግሩ የተጓዘ ተሳላሚ ላሊበላ ሲገባ ነዋሪዎች እግሩን ያጥቡታል፣ ያበሉታል። ዘመድ አይደለም፤ ተመልሶ መምጣቱም አይታወቅም። ኢኮኖሚስቱ ጄምስ አንድሪዮኒ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰጪ በመስጠቱ ራሱ እርካታ ያገኛል ብሏል። ሐሳቡ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማንኛውንም ስጦታ «ለራሱ ደስታ ነው» ካልን አባባሉን ሊያፈርስ የሚችል ማስረጃ አይኖርም። እኔ የተሻለ ፍንጭ የማገኘው ከምስጋናው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሰው ዕዳውን አልካደም፤ ከፋዩን ግን ቀይሯል። ሒሳቡ ከሁለቱ ሰዎች መዝገብ ወጥቶ ሁሉም ወደሚያምንበት ሦስተኛ ወገን ይዛወራል። አጣቢው ነገ ሌላ አገር እንግዳ ሲሆን የሚቀበለው ያው እምነት ነው። ኖዋክና ዚግመንድ በስም ያስረዱትን የላስታ ሰው በእምነት ያስረዋል።

ሁለቱም መዝገቦች ግን የጋራ ወሰን አላቸው፤ እሱም ድርቅ ነው። ወንፈልና ቅሬ የሚረዱት አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ሲተርፈው ነው። በልጉ ለሁሉም ሲቀር የሚያበድር ጎረቤት የለም፤ በሬ ተሸጦ ወይም ሞቶ መቀናጆ ይፈርሳል። አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1966 ዓ.ም. አካባቢውን የወሎ ረሃብ ሲመረምር የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ በደሴ ገበያም ዋጋ ብዙ እንዳልናረ አሳይቷል። የገበሬው ማሳ ሲከዳው የሚበላውም የሚሸጠውም አጣ፤ እህል ከወሎ ሲወጣ እንኳ ታይቷል። የጎደለው የጎረቤት ደግነት አልነበረም፤ የተራበውን ካልተራበው አገር ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መመዘን ያለበት በዚህ ነው፦ ድርቁ ካልነካው ወገን ወስዶ ለተነካው በጊዜ በማድረሱ። «ሕዝባችን ይረዳዳል» የሚለው ውዳሴ መንግሥትን ከዚህ ኃላፊነት ነፃ የሚያወጣ ከሆነ ውዳሴ መሆኑ ይቀራል። የላስታ ገበሬ የመረዳዳት ድርሻውን ተወጥቷል፤ የቀረው ከደጋው ውጭ ያለን የእኛ ድርሻ ነው።