ፒኩ ሲወርድ

ቮልዩም ኮንትሮል ላይ ያለ ታካሚ የግፊት አላርም ሲጮህበት፣ የብዙዎቻችን እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፍሎው ምርጫው ነው። ስኩዌር የነበረው ዲሴለሬቲንግ ይደረጋል፤ ፒክ ፕሬዠሩ ይወርዳል፤ አላርሙም ዝም ይላል። እኔ ይህን ዝምታ አላምነውም።

ስኩዌር ላይ ማሽኑ አየሩን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት ይገፋል። ሳንባው ሞልቶ ግፊቱ ባየለበት ሰዓት፣ የቱቦውና የአየር ቧንቧዎቹ ረዚስታንስ የፈጠረው ግፊት ይደረብበታል። ዲሴለሬቲንግ ግን በርትቶ ጀምሮ እየደከመ ስለሚሄድ መጨረሻ ላይ የሚደረበው እዚህ ግባ አይባልም። ወረደ የምንለው ይሄው ነው፤ የአየር ከረጢቶቹ የተሸከሙት አልተነካም። የእነሱን ሸክም የሚነግረን ፕላቶው ነው፤ ትንፋሹ ገብቶ ሲያልቅ ሆልድ ተጭነን ፍሰቱን ስናቆም ይታያል። ቮልዩሙ ካልተቀየረና አየር ካልተጠራቀመ በሁለቱም ያው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የአርድስኔት ጥናት ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዳያልፍ የጠበቀውም ፕላቶውን እንጂ ፒኩን አልነበረም።

አስም ላይ ደግሞ ዝምታው ያስከፍላል። 500 ሚሊ ሊትር አየር በደቂቃ 60 ሊትር በሆነ ስኩዌር ፍሎው በግማሽ ሰከንድ ይገባል። ከ60 ተነስቶ እስከ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ያቺ ግማሽ ሰከንድ የምትቀነሰው ከመውጫው ጊዜ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ከዜሮው መስመር በታች ያለውን የፍሎው ከርቭ ያየ ያውቀዋል፦ ወደ ዜሮ እየተንፏቀቀ ሳለ ቀጣዩ ትንፋሽ ይቆርጠዋል። ያልወጣው አየር ይጠራቀማል፣ ደም ግፊት ይወርዳል፣ ሩጫው ወደ ኖርአድሬናሊን ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ የትንፋሹን ቁጥር በደቂቃ ከ20 ወደ 12 ማውረድ ለእያንዳንዱ ዙር 2 ሰከንድ ይጨምራል፤ በፍሎው የሚገኘው ትርፍ አጠገቡ አይደርስም።

ዲሴለሬቲንግን ጠልቼው አይደለም። ራሱ መተንፈስ የጀመረና የሚሰጠው አየር ያነሰው ታካሚ የአንገቱ ጡንቻ ይገታተራል፣ የግፊት ከርቩም መሃሉ ላይ ይሰረጉዳል። ሴዴሽን ከመጨመሬ በፊት ከመነሻው የሚበረታ ፍሰት እሞክርለታለሁ።

ሳንባውን ማንበብ ስፈልግ ግን ወደ ስኩዌር እመለሳለሁ። ፍሰቱ አንድ ዓይነት ሲሆን የግፊቱ አወጣጥ ይነበባል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና፤ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ከታጠፈ ሳንባው ከልኩ በላይ እየተወጠረ ነውና ቮልዩሙን እቀንሳለሁ። ይህም የሚሠራው ታካሚው በራሱ በማይስብበት ሰዓት ብቻ ነው፤ የራሱ ጥረት ከገባበት መስመሩ ይዋሻል።