«ልጁና አቶሙ» የተባለው ፊልም ለመማሪያ ክፍል ያለው ጥቅምና ጉድለት

ስለ አቶም የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ተማሪው የአቶምን ክፍሎች በቃሉ ይዞ ፈተናውን ያልፋል፤ አቶም በእርግጥ ያለ ነገር መሆኑ ግን ከልቡ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2013 አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የአልማደን ምርምር ማእከሉ ያዘጋጀው «ልጁና አቶሙ» የተሰኘ አጭር ፊልም የወጣቶችን ፍላጎት ወደ ሳይንስ ለመሳብ የታሰበ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፊልሙ ተማሪዎችን ከናኖቴክኖሎጂና ከሙያዎቹ ጋር ለማስተዋወቅ ምን ያህል እንደሚረዳ፣ የትስ ላይ እንደሚጎድል መመርመር ነው።

ፊልሙ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ታሪኩም ቀላል ነው። ከነጥቦች የተሠራ አንድ ልጅ ከአንዲት ነጥብ ጋር ይወዳጃል፤ አብሯት ይጨፍራል፣ ይጫወታል፣ ይዘላል። የሚያስደንቀው እያንዳንዱ ነጥብ ከዜሮ በታች 268 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ቅዝቃዜ፣ በመዳብ ገጽ ላይ በመርፌ ጫፍ እየተጎተተ የተቀመጠ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል መሆኑ ነው። ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የጎሉ 242 ምስሎች ተከታትለው ሲታዩ ልጁ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

የፊልሙ መልካም ጎኖች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ በሙዚቃ ብቻ የታጀበና ንግግር የሌለው በመሆኑ ትርጉም አያስፈልገውም፤ የትኛውም መምህር በራሱ ቋንቋ ሊያብራራው ይችላል። ሁለተኛ፣ በነጥቦቹ ዙሪያ የሚታዩት የሞገድ ክቦች ለጌጥ የተሣሉ አይደሉም። በመዳቡ ገጽ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች የሚፈጥሯቸው እውነተኛ ሞገዶች ናቸው። ኩሬ ላይ ጠጠር ወርውሮ የሚያውቅ ተማሪ ኤሌክትሮን የሞገድ ጠባይ አለው የሚለውን አስቸጋሪ ቃል ከዚህ ተነሥቶ ሊረዳው ይችላል። ፊልሙ ግን ስለነዚህ ክቦች አንዳችም ነገር ሳይናገር ያልፋል።

ጉድለቱም የሚጀምረው ከዚሁ ዝምታ ነው። ተመልካቹ ምስሎቹ በካሜራ የተነሡ ይመስሉታል። በዓይን የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ አቶም ግን ከአንድ ናኖሜትር በብዙ ያንሳል፤ ስለዚህ አቶምን በዚህ ብርሃን ለይቶ ማየት አይቻልም። ምስሉን የሰጠው ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር እ.ኤ.አ. በ1981 በዙሪክ የፈለሰፉትና በ1986 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው የማይክሮስኮፕ ዓይነት ነው። መሣሪያው የመርፌው ጫፍ ገጹን ሳይነካ ተጠግቶ ሲያልፍ የሚተላለፈውን ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። ምስሉ ከልኬት የተገኘ እንጂ ፎቶግራፍ አለመሆኑን ያልተነገረው ተማሪ ዋናውን ትምህርት አጥቷል።

ከዚህ የሚከፋው ስሕተት ፊልሙ ናኖቴክኖሎጂን አቶምን አንድ በአንድ የመደርደር ሥራ አስመስሎ ማሳየቱ ነው። ተማሪው ከአቮጋድሮ ቁጥር ተነሥቶ በአንድ ግራም ካርቦን ውስጥ ያሉትን አቶሞች ያስላ፤ በየሴኮንዱ አንድ አቶም ቢደረደር ግራሙ እስኪሞላ ከ1,000 ትሪሊዮን ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ይደርስበታል። በገበያ ላይ የሚውለው የናኖ ቁስ በአብዛኛው የሚገኘው ብዙ ቅንጣት በአንድ ጊዜ ከሚያስገኝ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ከፀሐይ የሚከላከሉ ቅባቶች ውስጥ ያለው የዚንክ ኦክሳይድ ደቃቅ ዱቄትም፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለኮቪድ በተሰጡት የኤም አር ኤን ኤ ክትባቶች ውስጥ መልእክቱን የሸፈኑት የስብ ቅንጣቶችም በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። መጠን ለምን ጠባይን እንደሚለውጥ ለማስረዳትም ኖራና ሰሌዳ ይበቃል። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ጎናቸው 1 ናኖሜትር በሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል፣ ጠቅላላ ገጹ ከ6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 6,000 ካሬ ሜትር ያድጋል።

የሙያውን ነገር ስንመለከት ደግሞ በፊልሙ ውስጥ አንድም ሠራተኛ አይታይም። መርፌውን ያሾለው፣ አየሩን አስወጥቶ ክፍተቱን ባዶ ያደረገው፣ ቅዝቃዜውን የጠበቀው፣ ልኬቱን በኮምፒዩተር ያቀነባበረው ሰው ሁሉ ተሰውሯል። ተማሪው በአቶሙ ይማረካል፤ «እኔ ምን ልሁን?» ለሚለው ጥያቄው ግን መልስ አያገኝም። በአገራችን ተማሪ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚመርጠው በለጋ ዕድሜው ስለሆነ፣ ይህ ዝምታ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የትምህርት አቅጃዎችም ከተቃራኒው ስሕተት መጠንቀቅ ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በኩል እስከ 2015 ድረስ በዓለም 2 ሚሊዮን የናኖቴክኖሎጂ ሠራተኞች እንደሚያስፈልጉ ተገምቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚሰፋውም የሚጠበውም «የናኖቴክኖሎጂ ሠራተኛ» የሚባለው ማን እንደሆነ በሚሰጠው ፍቺ ነው። ተማሪ ሊነገረው የሚገባው እውነት ሌላ ነው። ናኖቴክኖሎጂ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ አንድ ሙያ ሳይሆን፣ ኬሚስቱ፣ ፊዚሲስቱ፣ የመድኃኒት ቀማሚው፣ የመሣሪያ ጥገና ቴክኒሻኑ፣ የደቃቅ ቅንጣቶችን ጉዳት የሚመረምረው የጤና ባለሙያ ሁሉ የሚገናኙበት የሥራ መስክ ነው። እንደ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማእከል ወዳለው ተቋም የሚያደርሰው መንገድም የሚጀምረው በመደበኛው የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ በክፍል ውስጥ ቢታይ እንደግፋለን፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ይታይ። በመጀመሪያው ተማሪዎቹ ይደሰቱ። በሁለተኛው መምህሩ ፊልሙን እያቆመ ክቦቹ ምን እንደሆኑ፣ ያለ ብርሃን እንዴት እንደታዩ፣ ከልጁ በስተጀርባ ስንት ዓይነት ባለሙያ እንዳለ ይጠይቅ። ፊልሙ ያላሳያቸውን ሠራተኞች ስም በሰሌዳው ላይ በየሙያቸው የሚያስጽፍ መምህር፣ ተማሪውን ከአድናቆት ወደ ሥራ አሻግሮታል።