እንቆቅልሹን ልጁ ይሥራው

መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር ከወላጆች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ሚስ፣ ቤት ውስጥ በምን ላጫውተው?» የሚል ነው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። የኮንዶሚኒየም ቤት ጠባብ ነው፤ ደረጃው ለሩጫ አያመችም፤ ወላጅ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ ቤቱ የሚገባው ደክሞ ነው። ስልክ ደግሞ ምንጊዜም ከእጅ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። አብዛኞቹ ወላጆች ይህን ሳይነገራቸውም ያውቁታል፤ የቸገራቸው ስልኩን በምን እንደሚተኩት ነው። እኔ በእንቆቅልሽ እላቸዋለሁ። ሽንኩርት እየተላጠም፣ ልብስ እየታጠፈም፣ መብራት በጠፋበት ምሽትም ይሆናል።

ብዙ ቤት ግን እንቆቅልሽ ቶሎ ያልቃል። ወላጅ በልጅነቱ የሰማቸውን ይጠይቃል፤ ልጁ መልሱን ይሸመድዳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚጠየቅ ይጠፋል። ከነባሮቹ ብዙዎቹ ደግሞ በሞፈርና በቀንበር፣ በጎተራና በወፍጮ ድንጋይ ላይ የተሠሩ ናቸው። እነዚህን በዓይኑ ያላየ የከተማ ልጅ መልሱን ቢሸመድደውም ጨዋታው አይጥመውም። ስለዚህ ልጁ መላሽ ብቻ ሆኖ አይቅር፤ ጠያቂም ይሁን። እንቆቅልሹን ራሱ ይሥራው፤ የሚሠራውም ቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ይሁን።

ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ችሎታ ነው። የ3 ዓመት ልጅ «እንቆቅልሽ!» ይልና እናቱ «ምን አውቅልህ?» ስትለው «ማንኪያ!» ብሎ መልሱን ያወጣዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እርሱ የሚያውቀውን ሌላው ሰው ላያውቅ እንደሚችል ገና አልተገለጠለትም። ሃይንዝ ቪመር እና ዮዜፍ ፔርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ለሕፃናት አንድ ታሪክ ነገሩ፦ ልጁ ቸኮላቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱ ቦታውን ትቀይርበታለች፤ ሲመለስ የት ይፈልገው ይሆን? ትንንሾቹ ቸኮላቱ አሁን ያለበትን ቦታ ጠቆሙ። ከፍ ያሉት ግን ልጁ መጀመሪያ ያስቀመጠበት ቦታ እንደሚሄድ ተረዱ። አብዛኞቹ ልጆች ይህ የሚገባቸው ከ4 እስከ 5 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ነው። እንቆቅልሽ መሥራት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ የማውቀውን ደብቄ፣ አንተ ደርሰህ እንድታገኘው የሚበቃህን ያህል ብቻ ልንገርህ። ስለዚህ የ3 ዓመቱ ልጅ «ማንኪያ!» ሲል አትሳቁበት፤ «ማንኪያ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጨዋታውን ቀጥሉ።

አሠራሩን ለወላጆች የማሳየው በወንፊት ነው። ዕቃው ልጁ እጅ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አራት ነገር እንጠይቃለን፦ ምን ይመስላል? ምን ይሠራል? የት ይኖራል? የሚገርመው ነገሩ ምንድን ነው? መልሱ ሲጠራቀም እንቆቅልሹ ራሱ ይወጣል፦ «ክብ ነው፣ ዱቄቱን ይጥላል፣ ቆሻሻውን ይይዛል።» ከአራቱ ዋናው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። «ክብ ነው» ብቻ ቢባል ሳህንም፣ ምጣድም፣ ሰፌድም መልስ ይሆናሉ። ጥሩውን ጥሎ መጥፎውን መያዙ ግን ወንፊትን ከሁሉም ይለየዋል። ልጁ እዚህ ላይ ሲደርስ ዕቃን ከዕቃ መለየት፣ የሚበቃውን ቃል መምረጥና ማሳጠር ይማራል። እነዚህን በደብተር ለማስተማር ብዙ እንለፋለን።

አንዲት የ5 ዓመት ተማሪዬ ከቤቷ ይዛ የመጣችው እንቆቅልሽ «ስከፍተው ይነቃል፣ ስዘጋው ይተኛል» የሚል ነበር። መልሱ ፍሪጅ ነው። ክፍሉ በሙሉ በር፣ መስኮት፣ ዓይን እያለ ሞከረ። ልጅቷ ግን በዚህ አላበቃችም፤ ሲዘጋ በእርግጥ መብራቱ እንደሚጠፋ በምን ታውቃለች? አባቷ በሩ ጠርዝ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ በጣቷ እንድትጫን አደረጋት፤ በሩ ክፍት እያለ መብራቱ ጠፋ። የራሷ እንቆቅልሽ ወደ ራሷ ምርመራ ወሰዳት።

ከወላጅ የሚፈለገው ትልቁ ሙያ መጠበቅ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባሳተሙት ጥናት መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ይህን ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና «አላውቅም» ማለታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ልጁ ዝም ሲል እያሰበ ነው፤ አትንገሩት። መልሱ እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ከሆነ ደግሞ ፍንጮቹን አንድ በአንድ አብራችሁ መርምሩ። ከገጠመ ትክክል ነው፤ እንቆቅልሹ ላልቶ ነበር ማለት ነውና አብራችሁ አጥብቁት።

መላሹ ሲያቅተው ጠያቂው «ሀገር ስጪኝ» የሚለውን ክፍል ብዙ ወላጅ ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ጎንደርን፣ ሐረርን ወይም አያት የተወለዱበትን ከተማ ስጡት። ልጁ በሐሳቡ እዚያ ይገባል፤ ምን እንደበላ፣ ማን እንደተቀበለው ይተርካል፤ መልሱንም በመጨረሻ ይገልጣል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለሚያድግ፣ አማርኛ እየሰማ በሌላ ቋንቋ ለሚመልስ ልጅ ይህ ክፍል በተለይ ይጠቅመዋል። ያሸነፈው እርሱ ስለሆነ፣ ማውራት ያለበትም እርሱ ነው።

በልጅ ውሎ ውስጥ የሚያውቀው ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ነው። ሕፃኑ የሚያውቀውን እናትና አባት የማያውቁበት፣ ከልባቸው የሚጠይቁትና መልሱን የሚጠብቁበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንቆቅልሽ ሠሪ ልጅ ይህን ክብር በየቀኑ ያገኛል። ዛሬ ማታ ከወጥ ቤት አንድ ዕቃ እጁ ላይ አስቀምጡና አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁት፤ ከዚያ ተራው የእርሱ ነው።