ኳሷ ሁለት እንዳትሆን

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጓደኛዬ ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ ቀጭን የኮምፒውተር ስክሪን ነው። ሌላው ጀርባው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ባለቤቱ መንገድ ዳር አውጥቶ ጥሎት እሱ አንሥቶ ያስገባው ነው። ዲቪዲ ሠርቶ ለሰው ከመስጠቱ በፊት የመጨረሻውን ፍርድ የሚጠብቀው ከዚህ ከአሮጌው ነው።

በ1984 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በሰኔ መጨረሻ ገደማ ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሲመጣ፣ ጓደኛዬ ካሜራውን ይዞ ከሜዳው ጠርዝ አይጠፋም። የሚቀርጸው በኤችዲ ነው። ሰው የሚጠይቀው ግን ዲቪዲ ነው። አገር ቤት ያሉ እናትና አባት ማጫወቻው አላቸው፤ ዲስክ ደግሞ በመንገደኛ ሻንጣ ይላካል።

ኤችዲው 1,920 በ1,080 ፒክስል ነው፤ የአሜሪካው ዲቪዲ 720 በ480። አባዝታችሁ ብታካፍሉት ልክ 6 ለ1 ይመጣል። ከየስድስቱ የፒክስል ነጥቦች አምስቱ ይጣላሉ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ለነጥቦቹ ያዝናል። ጓደኛዬ ግን የሚሳሳው ለቅጽበቶቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሱ ካሜራ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ያያል። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚይዘው ግን ግማሹን መስመር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን 540 መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን 540። ሁለቱ ግማሾች እንደ ሸማ ክር ተጠላልፈው አንድ ሥዕል ይመስላሉ እንጂ፣ በመካከላቸው የሰከንድ 60ኛ አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ በዚያች ቅጽበት 46 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች። ይህ ከራሷ ስፋት እጥፍ ይበልጣል።

አሁን 1,080ውን መስመር እንዳለ ወደ 480 ብትጨፈልቁት ምን ይሆናል? ሁለቱ ጊዜያት ይደባለቃሉ። ሌላ ቦታ የተሠራ እንዲህ ያለ ዲስክ አይቻለሁ። ኳሷ ሁለት ሆናለች፤ ሁለቱም ገርጥተዋል። የሚሮጠው ልጅ አራት እግር አውጥቷል። ይህን የሚፈሩ ሌሎች ደግሞ አንዱን ግማሽ አውጥተው ይጥሉታል። ያን ጊዜ ኳሷ አንድ ትሆናለች፤ ነገር ግን ከ60ው የቀረው 30 ብቻ ስለሆነ ልጁ መሮጡን ትቶ እየተቆራረጠ ይዘላል።

ጓደኛዬ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። አቪሲንዝ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ጥቂት መስመር ትእዛዝ ይጽፋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ግማሽ ሥዕል ከጎረቤቶቹ እያመሳከረ ሙሉ ያደርገዋል፤ በሰከንድ 60 ሙሉ ሥዕሎች ይወለዳሉ። ማሳነሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ 720 በ480 ይወርዳል። ከዚያ ከአንዱ ጎዶሎዎቹን፣ ከሚቀጥለው ሙሉዎቹን መስመሮች እየወሰደ መልሶ ያጠላልፋቸዋል። የአንድ ጨዋታ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ጠዋት ግን 60ው ሁሉ በቦታው አለ። ከየስድስቱ ነጥቦች አምስቱ ሄደዋል፤ ከ60 ቅጽበት አንዲቱ አልሄደችም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነው። ሥዕሉ ሲያንስ ስለት የመሰለ ጥራት ይዞ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያምራል። አሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ግን የሜዳው ነጭ መስመር ይርገበገባል፤ የጎሉ መረብ ጉንዳን እንደወረረው ይንቀሳቀሳል። ቀጭን አግድም መስመር በአንዱ ግማሽ ላይ ብቻ ሲያርፍ ብልጭ ድርግም ማለቱ አይቀርምና። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ ለአመል ያህል ያደበዝዘዋል። ምን ያህል ለሚለው ቁጥር የለውም። መረቡ እስኪረጋጋ ይጨምራል፤ የማሊያው ቁጥር መነበቡን ሊያቆም ሲል ይቀንሳል። 8ና 3 የሚለዩባት ጫፍ ላይ ሲደርስ ያቆማል። አንድ ምሽት ለዚህች ብቻ አራት ዲስክ ሲቀዳ አጠገቡ ነበርኩ።

ቀለሙንም አይረሳም። ኤችዲና ዲቪዲ ቀለምን የሚያሰሉበት ቀመር ይለያያል፤ ሳይለወጥ ከታለፈ ሣሩ ከልኩ በላይ ይፈካል፣ ቀዩ ማሊያ ይደበዝዛል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በሞላበት ሜዳ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የ90 ደቂቃ ጨዋታ ሲገባ ለድምፅም ለሥዕልም በሰከንድ 7 ሚሊዮን ቢት ያህል ይደርሳል። ሣር፣ ተመልካችና የሚዞር ካሜራ ይህን በቶሎ ይበሉታል። እሱ ፕሮግራሙ ጨዋታውን ሁለት ጊዜ እንዲያልፈው ያደርጋል፤ መጀመሪያ የት እንደሚከብድ ለማጥናት፣ ቀጥሎ በረኛው ኳስ አስቀምጦ ከሚቆምበት ደቂቃ ቆጥቦ ለመልሶ ማጥቃቱ ለመስጠት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሰከንድ 50 የሚሄደው ስልት ነውና፣ ለምን ወደዚያ አትቀይረውም ብዬ ጠየቅሁት። «እዚያ ያሉት ማጫወቻዎች አብዛኞቹ የዚህንም ያነባሉ» አለኝ። «60ውን 50 ለማድረግ ወይ መጣል አለብኝ፣ ወይ ያልነበረ መፍጠር። ልጁ የሮጠውን ሩጫ ነው የምልክላቸው።» አለመንካትም እጅ ይጠይቃል።

በመጨረሻ አሮጌው ቴሌቪዥን ይከፈታል። ባለፈው የግራ ክንፍ ተጫዋቹ ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ተከላካዩን ሲያልፍ አብረን አየን። ፊቱ ከሩቅ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም፤ በዲቪዲ ነጥብ ፊት ነው ለማለትም ያስቸግራል። ዲስኩ አዲስ አበባ ሲደርስ የተጫዋቹ እናት ደወሉ። «ገና ሳይዞር አወቅሁት፤ ቀኝ ትከሻውን ጣል አድርጎ ነው የሚሮጠው፣ እንደ አባቱ» አሉ።

ቪዲዮ የምታስገለብጡ ሁሉ፣ ሥዕሉን አስቁማችሁ አትመርምሩ። ፈጣን ምት ፈልጉና በቴሌቪዥን ሲሄድ እዩት፤ ኳሷ አንድ ካልሆነች አትቀበሉ። ዋናውን የኤችዲ ፋይል ደግሞ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ የተጣሉት አምስት ነጥቦች ያሉት እዚያ ብቻ ነው።