ጡት እምቢ ያለ ዕለት

ጨቅላ ሕፃን ሕመሙን የሚገልጥበት መንገድ ጥቂት ነው። ጡት እምቢ ይላል፣ አብዝቶ ይተኛል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ያቃስታል፣ ገላው ይግላል ወይም ይቀዘቅዛል። የደም ኢንፌክሽን ይሁን የሳንባ ምች ወይም ማጅራት ገትር፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መልካቸው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ እኔ በነርስነት በምሠራበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ምርመራው የሚጀምረው ከታቀፈችው ሴት ነው። እኔ ልጁን ገና አሁን ማየቴ ነው፤ ትናንት ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረ የምታውቀው እሷ ናት። መርፌ መውጋትም ሆነ ማሽን ማንበብ ቶሎ ይለመዳል። ያቺ ሴት የምታውቀውን ሳላበላሽባት መቀበል ግን ዛሬም የምማረው ሥራ ነው።

የሚያበላሸው አጠያየቃችን ነው። «ይጠባል?» ስትባል አብዛኛዋ እናት «አዎ» ትላለች። ልጄ አይጠባም ማለት እኔ ማጥባት አቅቶኛል ማለት ይመስላታል። ደግሞም ጡቱን ስታጎርሰው ይይዛል፤ ሁለቴ ሦስቴ ስቦ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ለእሷ ይህም መጥባት ነው። እኔ የምጠይቀው ዞር ብዬ ነው። «ከትናንት ወዲያ ሌሊት ማን ማንን ሲቀሰቅስ ነበር? ትናንት ሌሊትስ?» «ጡትሽ አሁን እንዴት ነው፣ ሞልቶ አላስቸገረሽም?» ጡቷ ጠጥሮ፣ ቀሚሷ ደረቱ ላይ በወተት ርሶ ከመጣች ብዙውን ጊዜ መልሱን ከአንደበቷ አልጠብቅም። ስለ ሽንቱም «ይሸናል ወይ?» ማለት ዋጋ የለውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጨርቅ እንደቀየረች አብረን እንቆጥራለን። ከተወለደ 5 ቀን ያለፈውና በደንብ የሚጠባ ሕፃን በቀን 6 ጊዜና ከዚያም በላይ ያረጥባል።

የጊዜ ነገርም እንዲሁ ነው። ትኩሳቱ መቼ ጀመረ ሲባል እናት «ትናንት» ትላለች፣ አማት «የለም ዛሬ ነው» ትላለች፣ አባት ዝም ይላል። አራስ ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊቱ የተደባለቀ ነውና ማንም አይዋሽም። እኔም ሰዓቱን ትቼ የሚያስታውሱትን ነገር እጠይቃለሁ። የቅዳሴ ደወል ሲደወል ነው ወይስ አዛን ሲል? ጎረቤት ልትጠይቅ መጥታ ሳለ ነው ከሄደች በኋላ? አንዲት አያት «ቶናው ላይ ሳለን ነው መጀመሪያ ያቃሰተው፤ አቦሉን ስንጠጣ ደህና ነበር» ብለውኛል። ከዚያ የተሻለ የሕመም ታሪክ በየትኛውም የሪፈር ወረቀት ላይ አላነበብኩም። በዚህ ዕድሜ ሕመሙ ከጀመረ 6 ሰዓት መሆኑና 30 ሰዓት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ሕፃናት ናቸው።

ሌላው ደግሞ እናት የምትመጣው ራሷን ከስሳ ነው። «ፀሐይ ሳሞቀው ብርድ ገባው»፣ «ሳልሸፍነው ሰው አየው»፣ «ጨርቁን እኔው ሳጥብ ምች መታኝና በጡቴ ተጋባበት»። አንዳንዱ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ወዲያው ለማስተማር ይነሣል። እኔ በዚያች ሰዓት ማስተማር አልወድም። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ጸጸት ውስጥ ቀንና ሰዓት አለ፤ «ያየችው ጎረቤት መቼ ነው የመጣችው?» ብዬ ልቀጥል እችላለሁ። ሁለተኛ፣ ቅቤ ስላላሰች የተገሠጸች እናት ዳማከሴ ጨምቀው እንዳንጠባጠቡለት አትነግረኝም። እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ተቆርጦም ከሆነ ጭራሽ ትደብቀኛለች፤ እኔ ግን የጉሮሮው ቁስል ደም እያፈሰሰ ወይም ኢንፌክሽን ይዞ እንደሆነ ማወቅ ግድ ይለኛል። ተግሣጽ ቢያስፈልግ እንኳ ልጁ ካገገመ በኋላ ይደርሳል።

ደግሞ ይህች ሴት እዚህ ለመድረስ ምን አልፋ እንደመጣች ማሰብ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት አራስ ከክርስትና በፊት፣ ወንድ ከሆነ 40 ሴት ከሆነች 80 ቀን ሳይሞላ፣ ከደጅ አትወጣም። መውጣት ግድ ካላት ብረት ትይዛለች። ነጠላዋን ስትፈታ ትንሽ ቢላ ወይም ምስማር ጠብ ሲል አይቻለሁ። አንሥቼ መልሼ እሰጣታለሁ፤ የኔ ጉዳይ አይደለም። የኔ ጉዳይ ያንን ሁሉ ፍርሃት ተሻግራ ልጇን ይዛ መውጣቷ ነው። እንዲህ ያለችዋን ሴት በሩ ላይ «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብሎ መቀበል፣ በሚቀጥለው እንዳትመጣ መምከር ይመስለኛል።

ወደ ትኩሳቱ ልግባ። የጨቅላ ሕፃን ጤናማ ሙቀት በብብት ሲለካ ከ36.5 እስከ 37.5 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ትልቁ ልጅ ላይ እንደምናደርገው ሽሮፕ ሰጥቶ ማደር የለም። አባቶች ብዙ ጊዜ የፓራሲታሞል ጠርሙስ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ከፋርማሲ «ለትኩሳት» ብለው የገዙት ነው። ሽሮፑ ሙቀቱን ሊያወርደው ይችላል፤ ሙቀቱን ያመጣው ነገር ግን እዚያው ሥራውን ይቀጥላል፤ ቤተሰቡም በዚያ ይዘናጋል። እጅም እንዲሁ ያሳስታል። በቀዝቃዛ ውኃ ጨርቅ ስታጥብ የቆየች እናት እጇ የነካውን ሁሉ ትኩስ ይላታል።

ሁለት ዓይነት ትኩሳት ደግሞ ከሌላው መለየት አለበት። አንዱ የልብስ ነው። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ኮፍያ፣ እንደገና ጋቢ፤ በተዘጋ ቤት፣ ከምድጃ አጠገብ። ገለጥ አድርጌ ጥቂት ቆይቼ ደግሜ እለካለሁ፤ ሆኖም ቢወርድም ሌላውን ምርመራ አልተውም። ሁለተኛው የጥም ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን፣ ወተቱ ገና ሳይመጣ ወይም አያያዙ ሳይስተካከል የሚደርቅ ሕፃን ያተኩሳል፤ ክብደቱ ከተወለደበት ወርዷል፣ ጨርቁ ደረቅ ነው። የእናትየው የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ፣ እንገሩም «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ከተደፋ፣ ይህን እጠረጥራለሁ። ግን ጥርጣሬዬ ብቻውን ሕፃኑን ወደ ቤቱ አይመልሰውም፤ የተጠማም ሕፃን ኢንፌክሽን ሊኖርበት ይችላልና።

ከሁሉም በላይ የምፈራው የሚያተኩሰውን አይደለም። ጨቅላ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ ኢንፌክሽኑ ሲበረታበት ሙቀቱ ይወርዳል። ከ35.5 በታች መሆን ከትኩሳት እኩል የአደጋ ምልክት ነው። ቤት ውስጥ ግን የሚነበበው በተቃራኒው ነው። «ሲያተኩስ አምሽቶ ወደ ንጋቱ ለቀቀው፣ እኛም ደስ ብሎን ተኛን» ይላሉ። ለቀቀው የተባለው ልጅ እጅና እግሩ በረዶ ሆኖ፣ ሲቆነጥጡት እንኳ እያቅማማ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ይመጣል። እናቶችን ሳስተምር ስለ ትኩሳት ከምናገረው በላይ ስለዚህ ቅዝቃዜ የምናገረው ለዚህ ነው።

ስመረምር እናትየውን ከአጠገቤ አላርቃትም። ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ እንቆጥራለን። ለሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ጨቅላ ላይ አይሠራም፤ ጤነኛውም ቢሆን ፈጠን ፈጠን ይልና ጥቂት ያርፋል። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግመን እንቆጥራለን። ደረቱ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ በጣቴ አሳያታለሁ። እርግብግቢቱን ሳያለቅስ ቀና አድርጌ ይዤ እዳስሳለሁ፤ ተነፍቶ ከሆነ ሐሳቤ ወደ ማጅራት ገትር ይሄዳል። እትብቱን፣ የዙሪያውን ቆዳ መቅላት፣ መግሉን አያለሁ። ቢጫ መሆኑን ለማየት መዳፉንና ውስጥ እግሩን አያለሁ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ፊቱን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ይህን ሁሉ አብራኝ ያየች እናት ከሁለት ሰዓት በኋላ «ሲስተር፣ መሰርጎዱ ባሰበት» ብላ ትጠራኛለች። አንድ ነርስ ብዙ ሕፃን በሚጠብቅበት ክፍል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ መርፌው ይመጣል። ደም ለመውሰድና ካኑላ ለማስገባት በትንሿ የእጅ ጀርባ ላይ ደም ሥር ስንፈልግ ወላጆች ይጨነቃሉ፤ ጥቂት ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም የእናቱ ወተት ምላሱ ላይ ጠብ ሲል ሕመሙ ይቀንስለታልና እናቱ ልታደርግለት ከፈለገች ይህን ሥራ ለእሷ እሰጣታለሁ። የከበደው ክርክር ግን ለማጅራት ገትር ምርመራ ከጀርባ ውኃ በሚወሰድበት ጊዜ ነው። ይህን ንግግር አስቀድሜ በቃሌ አጥንቼው አልሄድም፤ ሁሉም ቤተሰብ የሚፈራው የራሱ ታሪክ አለው።

«ሲስተር፣ የአክስቴ ልጅ ከጀርባው ከተቀዳ በኋላ ሽባ ሆኗል» ትላለች አንዷ እናት።

«አትሳሳቺም፤ ሆኖ ይሆናል። ግን የኔ እናት፣ መጀመሪያ ለምን ተቀዳ?»

«አመመውና።»

«አየሽ፣ ያ ሕመም ነው አንጎሉን የሚነካው። መርፌው የደረሰው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ስሙ ለእሱ ተሰጠ።»

ከዚያ እጇን ይዤ የልጁን የዳሌ አጥንት ጫፍ አስዳስሳታለሁ። መርፌው የሚገባው በዚያ ትይዩ እንደሆነ፣ ሕብለ ሰረሰሩ ደግሞ ከዚያ በላይ እንደሚያልቅ፣ የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ እንደሆነና ገላው ራሱ እንደሚተካው እነግራታለሁ። ለምን እንደሚያስፈልግም በቀን ቆጥሬ እነግራታለሁ፦ የደም ኢንፌክሽን ብቻ ከሆነ ሕክምናው ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃው ይሆናል፤ ማጅራት ገትር ከሆነ ግን ከ14 እስከ 21 ቀን ይፈልጋል፤ ሳናውቅ ብናቋርጥ ይመለስበታል። ብዙዎቹ ይስማማሉ። የማይስማሙም አሉ፤ ያኔ ፊታችንን ሳናጠቁር ሐኪሙ የከፋውን አስቦ መድኃኒቱን ያስጀምራል። እምቢ ያለን ቤተሰብ አኩርፎ መቅጣት በየክፍሉ የማየው ልማድ ነው፤ ምንም አይፈይድም።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ የምለው የለኝም። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ናቸው፤ የመጀመሪያው መርፌ በቶሎ መሰጠቱ ከሁሉም ይበልጣል። የደም ካልቸር ውጤት ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈልጋልና እሱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም።

አባት የት ነው ያለው? ኮሪደር ላይ። ናሙና ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ የጎደለ መድኃኒት ሊገዛ ከተማውን የሚያካልለው፣ ፊርማ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ስለ ልጁ ሁኔታ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። «እንዴት አደረ?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል። ደረሰኙን ስቀበለው ሁለት ደቂቃ ወስጄ ያየሁትን ሁሉ ለእሱም እነግረዋለሁ፤ ለእናትየው ነግሬያለሁ ብዬ አልተወውም፤ እሷ በዚያ ድካም ከነገርኳት ግማሹንም ላትይዘው ትችላለች።

እሷ ራሷ ታማሚ ናት። ከጥቂት ቀን በፊት ወልዳለች፤ ምናልባት በኦፕራሲዮን፣ ምናልባት ተሰፍታ። አሁን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታድራለች። ስለዚህ የልጁን ሙቀት ስለካ የእሷንም እለካለሁ። የሽርት ውኃው ፈሶ ከ18 ሰዓት በላይ ቆይታ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካላት፣ የልጁ ኢንፌክሽን ከየት እንደመጣ ፍንጭ ነው፤ ለእሷም ሐኪም ይጠራል። ልጁ መጥባት ባይችልም ወተቷን በየ3 ሰዓቱ እንድታልብ አደርጋለሁ፤ በቱቦ ይሰጠዋል፣ ወተቷም አይደርቅም። የልጁ አያት አጥሚት ይዘው ሲመጡ በጥበቃ የሚመለሱበት ቀን አለ። እንግዳ መቀነሱ ትክክል ነው፤ አጥሚቱን መመለሱ ግን ከኢንፌክሽን ቁጥጥር ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይገባኝም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን አይጨርሱም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሪፈር ሄዶ መታከም ላልቻለ ጨቅላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጤና ኬላ ጄንታማይሲን እንድትወጋ፣ የሚዋጥ አሞክሲሲሊንም እንድትሰጥ መደረጉን ሆስፒታል ውስጥ ያለን አንዳንዶቻችን በጥርጣሬ ተቀብለነው ነበር። እኔ ከደገፉት ወገን ነኝ። በሁለት ቀን መንገድ የሚደረስበት ባለሙያ፣ ዛሬ ከሚሰጥ መርፌ አይሻልም። ነገር ግን ሥራው የሚሳካው ባለሙያዋ ወደ አራሷ ቤት ስትሄድ ነው፤ አራሷ በ40 ቀኗ ውስጥ ወደ ኬላው እንደማትመጣ ከላይ ብያለሁ።

ልጁ ሲወጣ ቴርሞሜትር ገዝተው እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ከገዙ እናትየው በፊቴ ለክታ ታሳየኛለች፣ ብብቱን ደረቅ አድርጋ፣ ክንዱን ከጎኑ አስጠግታ። ከዚያ ምክሬ አጭር ነው። 37.5 ካለፈ ወይም ከ35.5 ከወረደ ኑ። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ጡት እምቢ ካለም ኑ፤ ጠባዩ ካላማረሽም ኑ። ከእነዚህ እናቶች የሚመለሱ አሉ፣ አንዳንዶቹ በሌሊት 9 ሰዓት፤ የብዙዎቹም ልጅ ደህና ሆኖ ይገኛል። ተረኞቹ «በባዶ ነው የቀሰቀሰችን» እንዳይሉ በርክክብ ሰዓት አነሣዋለሁ። በሩ ላይ ላለው ጥበቃም ነግረነዋል፦ ጨቅላ የታቀፈች ሴት ስትመጣ ካርድ አላወጣሽም ብሎ አያቆማትም፤ እሷን ቀጥታ ወደኛ ያስገባል፣ ካርዱን አባትየው ያወጣል።