የመዓዛ ብሩ ማይክሮፎንና የመካነ ሰላም ደጋ

በአገራችን ስለ ሬዲዮ ጋዜጠኞች የሚጻፈው ሂስ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይነሣል፤ መንግሥትን ደገፈ ወይስ ተቃወመ? በዚህ ጥያቄ ብቻ ከሄድን የመዓዛ ብሩን ሥራ የት እንደምናስቀምጠው ይቸግረናል። የሸገር ኤፍኤም 102.1 መሥራችና የ«ጨዋታ እንግዳ» አዘጋጅ የሆነችው ይህች ጋዜጠኛ በማይክሮፎኗ ፊት አትሰብክም፣ ለማንም ወገን ቅስቀሳ አታደርግም። ይሁንና ከእርሷ ይበልጥ ወግ አጥባቂ የሆነ የሬዲዮ ሥራ በአማርኛ አላውቅም። የምትጠብቀው ግን ሥልጣን ላይ ያለን ሥርዐት አይደለም። የአነጋገር ደንብን፣ የታላቅን ክብርና ሊረሳ የተቃረበን ትዝታ ነው። ይህ ጥበቃ ምን እንዳተረፈልን፣ ምንስ እንዳስቀረብን ከደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም ቆሜ ልመረምር እወዳለሁ። ቦታውን ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም፤ ከአዲስ አበባው ጣቢያ የሚወጣው ሞገድ በቀጥታ የማይደርስበት አገር ነው።

ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ ሬዲዮ ማለት ለአብዛኛው አድማጭ በጥንቃቄ ተጽፎ በጥንቃቄ የሚነበብ ነገር ነበር። አንባቢው ድምፁ ያማረ፣ አማርኛው የተቃና፣ ስሜቱ የተደበቀ መሆን ነበረበት። በአዲሱ ጣቢያ የአየር ሰዓት የወሰዱ የግል አዘጋጆች ይህን ልማድ ሰበሩት፤ ሳቅ፣ ማመንታት፣ መቋረጥና መልሶ መያያዝ አየር ላይ ዋሉ። መዓዛ ከእነዚህ አዘጋጆች መካከል ነበረች። የግል ባለፈቃዶች የራሳቸውን ጣቢያ ማቆም ሲጀምሩ ሸገር በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ አየር ላይ ዋለ፤ ተዋናዩ አበበ ባልቻም ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ «ጨዋታ እንግዳ» የጣቢያው መለያ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፕሮግራሙን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እንግዳው ሚኒስትር ይሁን አብራሪ፣ ጄኔራል ይሁን ዘፋኝ፣ ጨዋታው የሚጀምረው ከትውልድ ቦታው ነው። አባትዎ ምን ይሠሩ ነበር? ፊደል የቆጠሩት የት ነው? እንግዳው ፈገግ ሲል ድምፁ ላይ ይሰማል። ጠያቂዋ ዓረፍተ ነገሯን አታስረዝምም፤ «እሺ»፣ «ከዚያስ?»፣ አንዳንዴም አጭር ሳቅ ይበቃታል። እንግዳው ስም ጠፍቶት ሲያስታውስ ዝምታውን አትሞላበትም። ለሬዲዮ ሰው ዝምታ እጅግ ያስፈራል፤ አድማጭ ጣቢያው የተቋረጠ መስሎት መስመር ይቀይራልና። መዓዛ ግን ትጠብቃለች፤ ብዙ ጊዜም የጠፋው ስም የሚመጣው ሌላ ያልታሰበ ታሪክ ጎትቶ ነው። ይህ ችሎታ ቴክኒክ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የተናጋሪው ዕድሜ ከጠያቂው ሰዓት ይበልጣል የሚል እምነት አለበት።

ከአምባሳደር ዘውዴ ረታ ጋር ያደረገችው ተከታታይ ጨዋታ የዚህ ዘዴ ጥሩ ማሳያ ነው። ዘውዴ ረታ ራሳቸው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በኋላ ዲፕሎማትና የታሪክ ጸሐፊ ሆነዋል። በመጽሐፎቻቸው ሰነድ እየጠቀሱ፣ ቀን እየቆጠሩ ይሄዳሉ። በሬዲዮው ጨዋታ ግን ያው ታሪክ ሰው ሰው ይሸታል፤ የቤተ መንግሥቱ ሹማምንት ይራመዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይፈራሉ። መጽሐፍ ገዝቶ የማያነብ አድማጭ አንድን ዘመን ከአንድ የዐይን ምስክር አፍ ሰማ። በዚህ ረገድ መዓዛ የሠራችው ሥራ የቃል ታሪክ ማዕከል ሊሠራው ይገባ የነበረ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዚህ ትኩረት ባልሰጡበት ጊዜ አንድ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ መዝግቦ አስቀምጦታል። በእነዚያ ጨዋታዎች ከተናገሩት አዛውንቶች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

በዓለም ላይ «ወግ አጥባቂ የሬዲዮ አዘጋጅ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው አሜሪካዊው ረሽ ሊምቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በሚዙሪ ግዛት ተወልዶ፣ በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ ስም አውጥቶ፣ በነሐሴ 1988 ከኒው ዮርክ ለመላው አገሪቱ ማሰራጨት ጀመረ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1987፣ የአሜሪካ መንግሥት ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ላይ ተቃራኒ አስተያየትን እንዲያስተናግዱ የሚያስገድደውን ደንብ ሽሮ ነበር። የሊምቦ ሙያ የበቀለው በዚህ ክፍተት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እንግዳ ብቻውን ይናገር ነበር። ስልክ የሚደውሉት አድማጮች ተመርጠው ይገባሉ፤ ይስማማሉ ወይም ይሸነፋሉ። ከ600 በላይ ጣቢያዎች ተቀብለው አስተላልፈውታል። በ1994 ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን ሲይዙ አዲሶቹ ተመራጮች የክብር አባል አደረጉት። በየካቲት 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የነጻነት ሜዳልያ ሸለሙት፤ ከዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2021፣ ዐረፈ።

ሁለቱን ጎን ለጎን የማደርጋቸው ለማበላለጥ አይደለም። ሁለቱም የአንድን ኅብረተሰብ ቅርስ እንጠብቃለን ብለው የተነሡ ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ሊምቦ ትናንትን የሚጠብቀው ስለ ትናንት ራሱ በመናገር ነው፤ መዓዛ የምትጠብቀው ትናንትን የኖረውን ሰው በማናገር ነው። የእርሱ አድማጭ ሬዲዮውን ሲዘጋ ተቆጥቶ ነው የሚነሣው። የእርሷ አድማጭ ግን አባቱን ወይም አያቱን «እርስዎስ በዚያን ጊዜ የት ነበሩ?» ብሎ ለመጠየቅ ይነሣል።

እዚህ አገር የሊምቦ ዓይነት አዘጋጅ ያልበቀለው በጨዋነታችን ነው ብሎ መደምደም ግን ራስን ማታለል ይሆናል። ዛሚ 90.7 ላይ ይተላለፍ የነበረው «የጋዜጠኞች ክብ ጠረጴዛ» ፊት ለፊት አቋም የሚይዝ፣ የሚሞግትና የሚወቅስ ፕሮግራም ነበር፤ ለጠንካራ አስተያየት ጆሮ እንዳለን አሳይቷል። ያልነበረው ነጻ ሜዳ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 የፖለቲካና የሃይማኖት ድርጅቶች የሬዲዮ ፈቃድ እንዳይወስዱ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት የዘር ጭፍጨፋን ከቀሰቀሰው የሩዋንዳ ሬዲዮ፣ ከሚል ኮሊን ጋር አነጻጽረው ሞገዱ እንዲታፈን ለማድረግ እንደማያመነቱ ተናገሩ። እንዲህ ባለ ሰማይ ሥር የሕይወት ታሪክ መጠየቅ ጥበብም መጠለያም ነበር። መዓዛ ለአዛውንት የምታሳየው አክብሮት ከልብ ነው፤ ያው አክብሮት ግን ጥያቄን ያሳጥራል። ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው ስለ ልጅነቱ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ፣ በፊርማው ስለተፈጸመው ነገር አሥር ደቂቃ ብቻ ሲናገር፣ ጨዋታው ያስከብረዋል እንጂ አይመረምረውም። በዚህ ነጥብ ላይ ቅሬታዬ እውነተኛ ነው፤ ሥራውን ስለምወደው ቅሬታው ይበረታብኛል።

ወደ መካነ ሰላም እንሂድ። በምዕራብ ከዓባይ ገደል አፋፍ፣ በሰሜን ከሳይንት፣ በምሥራቅ ከለጋምቦ ጋር የሚገናኘው የቦረና ወረዳ የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 190 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ 100 ያህል ትርቃለች። የኤፍኤም ሞገድ ተራራ አይዞርም። በደሴና በመካነ ሰላም መካከል የአምባ ፈሪት ሰንሰለት ቆሟል፤ በደቡብም ገደል በገደል ላይ ተደርቦ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ በሸገር ስትጫወት የዚህ ደጋ ጆሮ ለረጅም ጊዜ በአጭር ሞገድ ላይ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ የጀርመን ድምፅ፣ ከ1982 ጀምሮ የአሜሪካ ድምፅ። አንቴናው ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ወደ ባሕር ዛፍ ይዘረጋል። የደከመው የባትሪ ድንጋይ ከሬዲዮው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ለዜናው ይደርሳል። ሬዲዮው እየተንጫጫ፣ ድምፁ እየሄደ እየመጣ፣ አድማጩ የቀረውን ቃል በግምት እየሞላ ይሰማ ነበር።

የመልክዓ ምድሩን ነገር ያነሣሁት ለማሳዘን አይደለም። በ«ጨዋታ እንግዳ» ውስጥ ገጠር የሚታይበትን መንገድ ስለሚገልጥ ነው። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ የገጠርና የትንሽ ከተማ ልጆች ናቸው። ሁሉም ከዚያ ይጀምራሉ፤ ወንዙ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱ፣ የእናት እጅ። ከዚያ አዲስ አበባ ይገባሉና ታሪኩ ይጀምራል። ደጋው የታሪክ መነሻ እንጂ የታሪክ ባለቤት አይሆንም። እዚያው የቀረው፣ ያረሰው፣ የዳኘው፣ ችግሩን ያሳለፈው ሰው በእንግዳ ወንበር ላይ እምብዛም አይቀመጥም። ይህ የአንድ አዘጋጅ ጥፋት ሳይሆን ወግ አጥባቂነት ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ ነው፤ የሚጠብቀው ትዝታ ሄዶ የተማረውን፣ ተምሮም የተናገረውን ሰው ትዝታ ነው።

ለወሎ ይህ ጉድለት ከሌላው አገር ይብሳል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ ብሔራዊው ሬዲዮ ዝም አለ፤ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። ከ11 ዓመት በኋላም በዚያን ጊዜ የወሎ አካል በነበረችው ኮረም የተቀረጸው የቢቢሲው ማይክል በርክ የረሃብ ዘገባ ዓለምን ዞረ። ወሎ ሁለት ጊዜ በምስል ታየ። የዚያን ዘመን ሰው ተቀምጦ፣ ከትውልድ ቦታው ጀምሮ፣ ሳይቋረጥ፣ ስሙንና የዘመዶቹን ስም እየጠራ ሲናገር ግን በአገር አቀፍ ሬዲዮ ስንት ጊዜ ሰማን? ለዚህ ደግሞ ከመዓዛ ዘዴ የተሻለ ዘዴ የለም፤ ዝምታን መጠበቅ የሚያውቅ ጠያቂ ነው የሚያስፈልገው።

ደጋውም ለእንዲህ ዓይነት ጨዋታ እንግዳ አይደለም። በወሎ ቤት ቡና ሲፈላ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይቀመጣሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ታላቅ ይናገራል፣ ታናሽ ይጠይቃል፣ በመካከሉ ምርቃት አለ። አለመግባባት ሲነሣ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን እስከ መጨረሻው ይሰማል። አንዱ ሲናገር ሌላው ቢቆጣም ተራው እስኪደርስ ይታገሣል። የደሴ ጣቢያዎችም ሆኑ በአካባቢው የተከፈተው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መቅጃ ይዘው ወደ እነዚህ ቤቶች ቢገቡ የሚያገኙት ድምፅ ሸገር ከመዘገበው በምንም አያንስም። ግን ሥራው አሁን መጀመር አለበት። የ1966ቱን ችግር በጎልማሳነት ያዩት ሰዎች ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ሊምቦን ሜዳልያ የሸለሙት ፕሬዚዳንት በፈረሙት ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በግዴታ ፈቃድ ከሥራቸው ወጡ፤ የአማርኛው ሥርጭትም ተቋረጠ። አሁን የከተማው ወጣት «ጨዋታ እንግዳ»ን የሚሰማው ኔትወርክ ሲኖር በስልኩ ነው። ስልክ የሌለው አዛውንት ግን አርባ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ይፈልገው የነበረው መስመር ላይ ሹክሹክታ ብቻ ያገኛል፤ የእርሱን ታሪክም እስካሁን መጥቶ የጠየቀው የለም።